ደሴ ላይ ለቢራቢሮ የሚሆን የዱር አበባ መዝራት፦ ከአበባው በፊት ቅጠሉን አስቢ

ጥያቄ፦ «ቤታችን ደሴ ከተማ ዳር፣ ወደ ገራዶ በሚወስደው በኩል ነው። ከቤቱ ጀርባ 60 ካሬ ሜትር የሚሆን ሣር የበቀለበት ባዶ ቦታ አለን። የዱር አበባ ሞልቶበት ቢራቢሮ እንዲመጣበት እፈልጋለሁ። አምና መስከረም ላይ አደይ አበባ ከሜዳ ከነሥሩ ነቅዬ ተከልኩ፣ ሳምንት ሳይሞላው ደረቀ። አሁን እህቴ ከአሜሪካ በፓኬት የዱር አበባ ዘር ልካልኛለች። ፍግ ጨምሬ በበልጉ ዝናብ ሣሩ ላይ ልበትነው አስቤያለሁ። ጎረቤቶቼ ግን እባብ ትሰበስቢያለሽ እያሉ ያስፈራሩኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ፓኬቱን አትዝሪው። ፍጉን ለጎመንሽ አድርጊው። ሣሩ ላይ መበተኑንም ተዪው። ለሦስቱም ምክንያት አለኝ፣ በየተራው እመጣበታለሁ። ከሁሉም በፊት ግን መስተካከል ያለበት ሐሳብ አለ። ጥያቄሽ የተነሣው «አበባ ካለ ቢራቢሮ ይመጣል» ከሚል እምነት ነው። ይሄ እውነቱ ግማሽ ነው።

ቢራቢሮ አበባ ላይ የሚያርፈው ወለላውን ለመጠጣት ነው። ጠጥቶ ይሄዳል። ግቢሽ ውስጥ የሚሰነብተው፣ ከርሞም ዘሩ የሚገኘው መራቢያ ካገኘ ብቻ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል ላይ ነው፣ ያውም ያገኘችው ቅጠል ላይ ሁሉ አይደለም። ከእንቁላሉ የሚወጣው አባጨጓሬ ምግብ ይመርጣል። የሱ ወገን የሚበላውን ተክል ካላገኘ በረሃብ ይሞታል እንጂ ሌላውን አይነካም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት አበባ ልዝራ?» ሳይሆን «አባጨጓሬው ምን ይበላል?» መሆን አለበት።

እንግዲህ ማን ምን እንደሚበላ እንይ። ብርቱካንማ ቢጫ ክንፍ ያላት፣ ጠርዟ ጥቁር የሆነች፣ ሜዳ ላይ ዝቅ ብላ ቶሎ ቶሎ የምትበር ቢራቢሮ አይተሽ ይሆናል። የሷ ልጆች የሚያድጉት ማገጥ ላይ ነው። ማገጥ ደግሞ አሁን ልታጠፊው ያሰብሽው ሣር ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ሦስት ሦስት ቅጠል ያላትን፣ መሬት ይዛ የምትሄደውን ፈልጊ። የመዳብ ቀለም ያላት ትንሿ ቢራቢሮ ከቱልትና ከእምቧጮ ወገን አትወጣም። ባቄላና አተር ማሳ ዳር የምትታየው ሰማያዊዋ ደቃቃ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው ጥራጥሬው አበባና እሸት ላይ ነው። ብርቱካንማ፣ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ሰሃራን አቋርጣ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የምትሰደድ ቢራቢሮ አለች፤ ልጆቿ ኮሸሽላና ልት ይወዳሉ። አዎ፣ ሴቶች ለጠጉር የሚጠቀሙበት ልት። ሳማም አለ። የላቲን ስሟ ቫኔሳ አቢሲኒካ የሆነች፣ በስሟ አገራችን የምትጠራበት ቢራቢሮ የምትራባው የሳማ ወገን በሆኑ ተክሎች ላይ ነው። ደጋው ላይ የምናውቀው፣ በክረምት ለወጥ የምንለቅመው ሳማ ራሱ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ ተክል ነው። ክንፋቸው ቡናማ ሆኖ የዓይን ምልክት ያለባቸው ደግሞ ብዙዎቹ የሚያድጉት ተራ ሣር ላይ ነው።

አየሽ፣ ከእነዚህ አብዛኞቹን «ግቢ እናጽዳ» ብለን በመጀመሪያው ቀን የምንነቅላቸው ናቸው። ግቢያቸው በአበባ ተሞልቶ ቢራቢሮ የሌለባቸው ቤቶች የሚበዙት ለዚህ ነው። ጽጌረዳው አለ፣ ጀርባው ላይ ግን አንድ ቱልት አልቀረም።

አሁን ወደ አደይ። አምና የደረቀብሽ አያያዝሽ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ በአበባው ጊዜ ስለነቀልሽው ነው። አደይ አበባ የአንድ ክረምት ተክል ነው። በክረምት ዝናብ ይበቅላል፣ መስከረም ላይ ያብባል፣ ዘሩን ይጥልና ይሞታል። ሲያብብ ዕድሜው ወደ ማብቂያው ነው። በዚያ ሰዓት ሥሩን ቆርጠሽ ብታዛውሪው አዲስ ሥር ለማውጣት ጊዜም አቅምም የለውም። በየትኛውም እንክብካቤ አይድንም ነበር። አደይ የሚራባው በዘር ብቻ ነው። ዘሩ የሚለቀመው አበባው ረግፎ ራሱ ከጠቆረና ከደረቀ በኋላ፣ እንደ ዓመቱ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ከግቢሽ ብዙ ሳይርቅ፣ ከፍታው ከአንቺ ቦታ ጋር ከሚመሳሰል ሜዳ ልቀሚ። ከእያንዳንዱ ተክል ትንሽ ትንሽ ውሰጂ፣ አንዱን ቦታ አታራቁቺ። ዘሩን ጥላ ውስጥ አድርቀሽ በወረቀት ወይም በጨርቅ ቋጥሪው። በፌስታል አትዝጊው፣ ይሻግታል።

ፓኬቱን በተመለከተ፣ እህትሽ በፍቅር ነው የላከችው፣ ይገባኛል። ግን እነዚህ ዘሮች የዱር አበባ የሚባሉት በበቀሉበት አገር ነው፣ እዚህ የውጭ አበባ ናቸው። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንድም በቅለው አንድ ክረምት አምረው ይጠፋሉ። አለበለዚያም አየሩ ተስማምቷቸው ከግቢሽ ወጥተው አረም ይሆናሉ፣ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። ከዚህም ሌላ ከውጭ ዘር ለማስገባት ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፣ በፖስታ የሚመጣ ፓኬት ይሄን አያሟላም። ወተታም ተክል ካለበት ደግሞ፣ አሜሪካኖች ብዙ ጊዜ ለዝነኛው ስደተኛ ቢራቢሯቸው ብለው ይጨምሩታል፣ ያ ቢራቢሮ እዚህ የለም። የኛው ዘመዱ ቆላ ላይ ጦቢያው ላይ ይራባል። ጦቢያው ለደሴ ብርድ አይሆንም፣ ወደ ባቲ መስመር ነው ቦታው። ቢበቅልልሽም ልጅ ባለበት ግቢ አልመክርም፣ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

ፍጉ ለምን እንደማይሆን ልንገርሽ። የዱር አበባ የለመደው ደካማ አፈር ነው። አፈሩ ሲሰባ የሚጠቀመው ሣሩ ነው፣ ሰርዶና ሌላው ቶሎ ያድግና አበባውን ያፍነዋል። ኮምፖስትም፣ ዩሪያም፣ አመድም አትጨምሪበት። ከዚህ ቀደም ከብት የታሰረበት ወይም ፍግ የተከመረበት ጥግ ካለ ያንን ለጎመን ተዪውና የሳሳውን ቦታ ምረጪ። ሰው የማይጠብቀው ምክር ይሄ ነው፣ ደግሞም ከሁሉ የሚበልጥ ልዩነት የሚያመጣው ይሄው ነው።

የበልጉ ነገር ላይ የወሎ ሰው ዕድለኛ ነው። በልግ የማይዘንብበት አካባቢ ያለ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም። ግን በልግ ላይ አትዘሪ። በበልግ ዝናብ የበቀለ አደይ ከበልጉ ማብቂያ እስከ ሐምሌ ባለው ደረቅ ጊዜ ተቃጥሎ ይቀራል። በልጉን ለሌላ ነገር ተጠቀሚበት። አሁን፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ የመረጥሽውን ቦታ ሣሩን ከነሥሩ ግፈፊና አፈሩን በዶማ ፈልፍይው። ከዚያ ምንም አትዝሪ። ዝናቡ ሲመጣ አፈር ውስጥ ተኝቶ የከረመው የአረም ዘር ይበቅላል። ግንቦት ላይ ደረቅ ፀሐያማ ቀን መርጠሽ ላዩን ብቻ ኮትኩተሽ ግደይው። በጥልቀት አትቆፍሪ፣ ከሥር ያለውን ሌላ ዘር ታወጪዋለሽ። በልጉ ጥሩ ከሆነ ሁለት ጊዜ ትደግሚዋለሽ። ክረምቱ ሲገባ ያ መሬት የአረም ዘሩ ቀንሷል ማለት ነው። የምትዘሪው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ከተደላደለ በኋላ ነው። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅይው፣ እጅሽ እኩል እንዲበትን። በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። አፈር አታልብሽው፣ በእግርሽ ረገጥ ረገጥ አድርገሽ ተዪው።

«ዘንድሮ የአደይ ዘር የለኝም» ትያለሽ። ልክ ነሽ፣ አልፎሻል። ዘንድሮ ኑግ ዝሪ። ከገበያ ጥሬ ኑግ ትገዣለሽ፣ ያልተቆላ መሆኑን ግን አረጋግጪ፣ የተቆላ አይበቅልም። ኑግ የአደይ ዘመድ ነው፣ ወለላው ብዙ ነው፣ ንብም ቢራቢሮም ይወደዋል፣ ዋጋውም ለዚህ ያህል ቦታ ኢምንት ነው። ኑግ በዋናነት የወይና ደጋ ሰብል ስለሆነ ደሴ ላይ ፍሬው ላይሞላ ይችላል፤ ላንቺ ግን የሚያስፈልግሽ አበባው ነው። ከጎኑ አንድ መስመር ባቄላ አስገቢ። አደዩን ኅዳር ላይ ለቅመሽ ለከርሞ ታደርሽዋለሽ።

ቦታ ስትመርጪ ሁለት ነገር እዪ፦ ፀሐይና ነፋስ። ቢራቢሮ የራሱ ሙቀት የለውም፣ ለመብረር ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ መሞቅ አለበት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ጠዋቱ ብርድ ነው፣ ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ንፋስም ቀላል አይደለም። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ከጀርባው አጥር ወይም ካብ ያለውን ቦታ ምረጪ። ካብ ካለሽ አታፍርሺው። ድንጋዩ ሙቀት ይይዛል፣ ቢራቢሮዎቹ ረፋድ ላይ እዚያ ሲሞቁ ታያቸዋለሽ። አጥርሽ ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ከሥሩ ራቂ። ጥላውና ሥሩ የሚያስቀርልሽ ነገር የለም።

ኮምቦልቻ ሆነው ይህን ለሚያነቡ አንድ ነገር ልጨምር። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ጓሯችሁ ሎሚ ወይም ብርቱካን ያበቅላል። ትልቋ፣ ጥቁር ላይ ክሬም ቀለም የተነጠበችው ቢራቢሮ የምትራባው እሱ ላይ ነው፣ ልምጭ ላይም እንዲሁ። ሎሚው ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ካያችሁ አትጥረጉት፣ የሷ ትንሽ ልጅ ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲነኩት ከራሱ ላይ ብርቱካንማ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል። አይናደፍም። ጎልማሳ የሎሚ ዛፍ ጥቂት አባጨጓሬ ቢበላው ምንም አይሆንም፤ ችግኝ ከሆነ ግን አንስታችሁ ትልቁ ዛፍ ላይ አድርጉት።

የዓመታዊ አበባ ድክመቱ ከኅዳር በኋላ ባዶ መቅረቱ ነው። ውርጩ ሲመጣ ኑጉም አደዩም ያልፋሉ፣ በጋው ረጅም ነው። ለዚህ ሁለት ቁጥቋጦ አለልሽ፣ ሁለቱም የአገር ናቸው። አንዱ ግራዋ ነው፣ በበጋ ነጭ አበባው ሲፈነዳ ነፍሳት ይወሩታል። ሁለተኛው አንፋር ነው። የውጭ የአትክልት መጻሕፍት ለቢራቢሮ ብለው አጥብቀው የሚመክሩት ሐምራዊ ቁጥቋጦ አለ። የቻይና ተክል ነው፣ ብዙ አገር ገብቶ አረም ሆኗል። አንፋር የዚያ ወገን ነው፣ ግን የኛው ደጋ ተወላጅ። ደጋው ላይ አንፋር እያለን ያንን ከውጭ የምናስመጣበት ምክንያት አይታየኝም። ከቁርጥራጭ ቅርንጫፍም ከዘርም ይበቅላል፣ እየቆረጥሽ አሳጥሪው። ለጓዳም ለቢራቢሮም የሚሆን ከፈለግሽ ዳማ ከሴና ጦስኝ ጠርዙ ላይ ትከይ፣ እንዲያብቡም ፍቀጂላቸው።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው። አንደኛ፣ ቅንጨ አረም። ኮምቦልቻና ቆቦ መስመር ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ነጭ ደቃቅ አበባ ያለው፣ ከመንገድ ዳር የሚሞላ። የዱር አበባ ነው ብለሽ እንዳትተዪው። ቆዳ ያሳክካል፣ ለአስም ያጋልጣል፣ ከብት ቢበላው ወተቱን ያመርረዋል። የተቆፈረ አፈር ይወዳል፣ ስለዚህ ያንቺ አዲስ መደብ ለሱ ግብዣ ነው። ከመንገድ ዳር አፈር አታምጪ። ካየሽው አበባ ሳያወጣ፣ ጓንት አድርገሽ ከነሥሩ ንቀይው። ሁለተኛ፣ የወፍ ቆሎ። ቢራቢሮ ይወደዋል፣ አልክድም፣ ለአጥርም ይሸጣል። ግን ወፍ ፍሬውን በየጫካው ይዘራዋል፣ ከብትም ይመርዛል። አትትከይው።

ሦስተኛውና ትልቁ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ነው። ጎመንሽን ማላቲዮን እየረጨሽ ከጎኑ የቢራቢሮ አበባ ማብቀል አይቻልም። መድኃኒቱ የጎመኑን ትልና የቢራቢሮውን ልጅ አይለይም፣ ነፋስም ያሻግረዋል። አዎ፣ ጎመን ላይ የምትራባ ነጭ ቢራቢሮ አለች፣ የጎመን ጉዳቷም እውነት ነው። ሌሎቹ ግን ጎመንሽን አይነኩም። ለነጯ ቅጠሉን ገልብጠሽ እንቁላሏን በጣትሽ ጨፍልቂ፣ ለጓሮ ጎመን ይበቃል። ጠጉራም አባጨጓሬ ግን በባዶ እጅ አትንኪ፣ ብዙዎቹ የእሳት እራት ልጆች ናቸው፣ ጠጉራቸው ያሳክካል።

እባቡን በሚመለከት ጎረቤቶችሽ ያለ ምክንያት አልፈሩም። ረጅም ሣር መደበቂያ ነው። ነገር ግን እባብ የሚመጣው አበባ ሽቶ ሳይሆን አይጥና መሸሸጊያ ሽቶ ነው። እንጨት ክምርሽን፣ የፈሰሰ እህልን፣ የድንጋይ ቁልልን መጀመሪያ ከቤቱ አርቂ። መደቡን ከበርና ልጆች ከሚጫወቱበት ራቅ አድርጊው፣ ዙሪያውን አንድ ሜትር ያህል የታጨደ መንገድ ይኑረው። ይሄ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። ዳሩ በድንጋይ የተከበበ፣ ዙሪያው የተጠረገ ቦታ ሲሆን ሰው «ግቢዋ ዳዋ ዋጠው» አይልሽም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑ ይታያል። ስታጭጂ ቦቲ አድርጊ።

የኔ ምክር እንግዲህ ይሄ ነው። 60 ካሬውን በሙሉ አትንኪው። ፀሐይ ያለበትን 12 ካሬ ሜትር ብቻ አሁን ገፍፈሽ በልጉን አሳልፊበት፣ ክረምቱ ሲገባ ኑግና ባቄላ ዝሪበት። ማገጥ ያለበትን ሣር 20 ካሬ ያህል ለይተሽ ከሰኔ እስከ ኅዳር አትጨጂው፣ በግም አትሰሪበት። ከአጥሩ ሥር፣ ልጆች በማይደርሱበት ጥግ፣ ሳማና ቱልት ይቆዩ። ሳማውን ለወጥ ከለቀምሽ ግማሹን ተዪ። አንድ ግራዋና አንድ አንፋር ሐምሌ ላይ ትከይ። አንድ ጥግ ላይ አፈሩ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ አድርጊ፣ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ሳይሆን ንጹሕ ውሃ። ወንዶቹ ቢራቢሮዎች ጨው ነገር ፍለጋ ከእርጥብ ጭቃ ላይ ይጠጣሉ። ጥልቅ ሳህን አያስፈልግም፣ ይሰምጡበታል። ሌላው ቦታ እንደፈለግሽ ይሁን።

አጨዳው ላይ አትቸኩይ። ለገና ግቢ ለማሳመር ተብሎ ኅዳር ላይ የሚታጨደው ነው ብዙውን የሚያበላሸው፣ ዘሩ ገና አልወደቀም። ታኅሣሥ አጋማሽ ካለፈ በኋላ በማጭድ እጨጂ፣ ለሳምንት እዚያው ይድረቅና ዘሩን ያራግፍ፣ ከዚያ ጭዱን ከቦታው አውጪ። እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን ያሰባዋል። አንድ ሦስተኛውን ግን ቆሞ ይክረም። ግንዱ ላይ ደረቅ ቅጠል መስለው የተንጠለጠሉ ሙሽሬዎች፣ ማለትም ወደ ቢራቢሮ እየተለወጡ ያሉ አባጨጓሬዎች፣ ይኖራሉ፣ ካጨድሻቸው የከርሞ ቢራቢሮዎችሽን አጨድሽ ማለት ነው።

ምን ያህል ትጠብቂ? ሐምሌና ነሐሴ ላይ በብርዱና በዝናቡ ብዙ አታዪም፣ ያ ጉድለት አይደለም። ደህናው ጊዜ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የመጀመሪያው ዓመት የሚመጡት በብዛት ነጮቹ፣ ቢጫዎቹና ደቃቃዎቹ ሰማያዊዎች ይሆናሉ። የደን ቢራቢሮዎች፣ እነ የጎፍ ደን ውስጥ ያሉት ዓይነቶች፣ ዛፍ ስለሚፈልጉ ለ12 ካሬ ብለው አይመጡም። ዙሪያሽ ያለው ሰፈር በሙሉ ሲሚንቶና ባሕር ዛፍ ከሆነ ቁጥሩ ያንሳል። ቦታሽ ከወንዝ ዳር፣ ከማሳ ወይም ዛፍ ካለበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከቀረበ ይበዛል። በሁለተኛው ዓመት መደቡን እንደገና አትገልብጪው፣ ግንቦት ላይ በሬክ ላዩን ቧጨር አድርገሽ የለቀምሽውን አደይ ሰኔ መጨረሻ ላይ ጨምሪበት። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ አደዩ ራሱ ከዘራው ዘር ይበቅላል። ያኔ የሚቀርሽ ሥራ ሣሩ እንዳያፍነው መጠበቅና በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ማጨድ ነው።